ጣሳዎቹን የሰበሰብኩበት ሰኞ

የጡረታ ደብዳቤዬ በደረሰኝ በአራተኛው ወር ባለቤቴ ሞተ። ስለዚህ ሁለቱን ነገሮች ለያይቼ ማሰብ አልችልም። ጠዋት የምሄድበት ቦታ ጠፋ፤ ስመለስ የምነግረው ሰውም ጠፋ። ባለቤቴ መምህር ታደሰ የደሴ ሰው ነበር፤ መቐለ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ አማርኛ አስተማረ። የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ስጽፍ ቁጭ ብሎ ያነብልኝና በቀይ እስክሪብቶ ያርምልኝ ነበር። «ዐረፍተ ነገርሽ ዘመድ ያበዛል፤ ግማሹን ወደ ቤቱ ስደጂው» ይለኛል። እኔ እዚሁ ተወልጄ በትግርኛ ያደግሁ ነኝ፤ ከእሱ ጋር ግን የምናወራው በአማርኛ ነበር። ይህንንም በአማርኛ የምጽፈው ለዚያ ነው። በቀን ግማሽ ገጽ ያህል እጽፋለሁ፤ የሚያርም ስለሌለ ራሴ አነባለሁ፤ ሲደክመኝ አቆማለሁ።

ሥራዬ ሚዛን መፈተሽ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ያህል ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ የነጋዴውን ሚዛን አይቻለሁ፤ ትክክል የሆነውን በእርሳስ፣ በማዕድኑ ማለቴ ነው፣ አትሜያለሁ፤ የተበላሸውን አግጃለሁ። ዛሬ ሥራው እንደ ድሮው አይደለም። ወጣቶቹ ዲጂታል ሚዛኑ ላይ ወረቀት ለጥፈው ያልፋሉ። አልወቅሳቸውም፤ ሚዛኑም ተለውጧል።

ስቀጠር ለጽሕፈት ሥራ የተፈለግሁ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ኣያ ግርማይ ከሚባሉ አንጋፋ የሚዛን ፈታሽ ጋር ላኩኝ። ቀጭን ናቸው፤ ኮታቸው ሁልጊዜ ያው ግራጫ ነው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ያስተማሩኝ ግን በመንገር አልነበረም፤ አጠገባቸው ቆሜ በማየት ነው።

የናስ መመዘኛዎቻቸውን በእንጨት ሣጥን፣ በወፍራም የሱፍ ጨርቅ ጠቅልለው ይይዛሉ። በባዶ እጃቸው ነክተዋቸው አያውቁም። መጀመሪያ ሰሞን አንዱን በጣቴ ሳነሳ አዩኝና ተቀብለውኝ፣ ጠርገውት፣ ሣጥኑን ዘግተው ወደ ቢሮ ተመለሱ። የዚያን ቀን ሥራ ቀረ። የጣት ላብ ክብደት እንዳለው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሱቅ ሲገቡ ሚዛኑን ቀድመው አያዩም። መጀመሪያ ሰላም ይላሉ፤ ቀጥለው ጠረጴዛውን ያያሉ፤ ውኃ ልካቸውን ያስቀምጣሉ፤ ጠረጴዛው ካዘነበለ ከእግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ሚዛኑን ባዶውን ያዩታል። መመዘኛውን መሐል ያስቀምጡና ቀጥሎ በአራቱም ጠርዝ ያዞሩታል። ከሳህኑ ሥር ሰም ወይም ማግኔት ተለጥፎ እንደሆነ በመሐረብ ይዳስሳሉ። በመጨረሻ ትንሿን መመዘኛ ያኖሩና መርፌው መነቃነቁን ያያሉ። ነጋዴው ወንበር ቢያቀርብ አይቀመጡም፤ ውኃ እንኳ አይጠጡም። ሲጨርሱ እርሳሱን በፒንሳ ነክሰው ያትማሉ።

አንድ ጊዜ ለምን እንደማይቀመጡ ጠየቅኋቸው። «የተቀመጠ ሰው ተነስቶ ለመሄድ ይከብደዋል» አሉኝ። ከዚያ በቀር ስለ ሥራው ብዙ ሲናገሩ አልሰማሁም።

ሁለት ዓመት ውቕሮ ተመድቤ ሠራሁ፤ እዚያ የማርን ነገር ተማርኩ፤ የመያዣ ዕቃውን ክብደት ሳይቀንስ የሚሸጠው ብዙ ነው። ከዚያ ወደ መቐለ ተመለስኩ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲከፈት የጨርቅ ፋብሪካዎቹን ሚዛን እንድናይ ላኩን። አንዱ የፋብሪካ ኃላፊ፣ የውጭ ሰው፣ በትሕትና አስተናግዶን ከሀገሩ የመጣ የምስክር ወረቀት አሳየን። ገዢዎቹ የሚያምኑት ያንን ወረቀት ብቻ ነው። የእኛን እርሳስ ፎቶ አነሳና ፈገግ አለ። ያን ጊዜ አልከፋኝም። ማኅተም የሚሠራው የሚያምነው ሰው እስካለ ድረስ እንደሆነ ግን ከዚያ ቀን ጀምሬ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም።

አሁን ወደ እህል ተራው ልምጣ።

በሰኞ ገበያ ከትልልቆቹ የእህል ሱቆች ጀርባ በጣሳ የሚቸረችሩ ሴቶች ረድፍ ነበር። ጤፍ፣ ማሽላ፣ ምስር፣ ተልባ ይሸጣሉ። ሚዛን የላቸውም። የረድፉ ታላቅ ኣደይ ለተብርሃን ነበሩ፤ ኣደይ እማማ እንደ ማለት ነው፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ቀልደኛ ሴት። እሳቸው ዘንድ «እናቲቱ» የምትባል ጣሳ ነበረች። ወፍራም ቆርቆሮ ናት፤ ጠርዟ ታጥፎ በምስማር የተመታ ነው። ሰኞ ሰኞ ገበያው ሳይሞቅ ሴቶቹ ሁሉ ጣሳቸውን ይዘው በተራ ይቆማሉ። ኣደይ ለተብርሃን እናቲቱን በተልባ ይሞሉና በእንጨት አፏን እኩል ይልጓታል፤ ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ጣሳ ይገለብጣሉ። ተልባ የሆነው እህሉ ሙልጭልጭ ስለሆነ ነው፤ ሲፈስ ክፍተት አይተውም፤ ቢነቀንቁትም አይጠቀጠቅም። ተልባው ከተረፈ ጣሳዋ ትንሽ ናት፤ ካልሞላ ትልቅ ናት። ሴትዮዋ ወደ ቆርቆሮ ሠሪው ሄዳ የጣሳዋን ሥር ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ አስመትታ ትመለሳለች። አውቃ ያሳነሰች ከተገኘች የሚቀጥለውን ሰኞ ሳትሸጥ እዚያው ረድፉ ላይ ባዶ እጇን ትቀመጣለች፤ ገዢው ሁሉ ያያታል። ከዚያ የከበደ ቅጣት አያስፈልግም ነበር።

ኣያ ግርማይ በዓመት አንድ ጊዜ በዚያ ሰዓት ይሄዱና ራቅ ብለው ቆመው ያያሉ። ከዚያ ኮፍያቸውን አንስተው ሰላምታ ሰጥተው ይመለሳሉ። እኔ ገና ወጣት ሳለሁ መዝገባችን ላይ ይህ ረድፍ ለምን እንደሌለ ጠየቅኋቸው። «እዚያ ሥራ የለንም፤ ተሠርቷል» አሉኝ።

ኣያ ግርማይ ጡረታ ከወጡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኔ የቡድን መሪ ሆንኩ። አለቃችን አቶ ክንፈ ይባል ነበር። ከሌላ ሥራ ተሹሞ የመጣ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ሰዓት ያከብራል፤ ሰው አይሳደብም። ከላይ የሚመጣውን ግን እንደ ዝናብ ነበር የሚያየው፤ ዝናብን ማንም ለምን ዘነብክ ብሎ አይጠይቅም። አንድ ቀን መመሪያ መጣ። ማንኛውም የችርቻሮ ሽያጭ በኪሎ እንዲሆን፣ በባህላዊ መስፈሪያ መሸጥ እንዲቆም፣ መስፈሪያዎቹም ተሰብስበው እንዲወገዱ ይላል። ስንት እንደተሰበሰበ በግምገማ ላይ ይቀርባል። ሴቶቹን ስብሰባ ጠራናቸው፤ መመሪያው ተነበበላቸው። ስብሰባው ለማሳወቅ እንጂ ለመጠየቅ አልነበረም። አንዷ ሴት እጇን አንስታ ሚዛን ከየት እንደሚመጣ ጠየቀች። በብድር ይቀርባል ተባለች።

እኔም አምኜበት ነበር። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ጣሳ የሚለካው ይዘትን እንጂ ክብደትን አይደለም፤ እርጥብ ማሽላና ደረቅ ማሽላ በጣሳ እኩል ናቸው፤ በሚዛን ግን አይደሉም። ይህ እውነት ነው፤ ዛሬም እውነት ነው። ለባለቤቴ እንዲህ ብዬ ሳስረዳው ሰምቶኝ ሲያበቃ «ሰዎቹ ተጣልተው ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። አያውቁም አልኩት። «እንግዲያ ምንድን ነው የምታስታርቂው?» አለኝ። እኔ ሳቅሁ።

ጣሳዎቹን ሴቶቹ ይዘው እንዳይሸሹ መዘየድ ነበረብን። ጓደኞቼ ደንብ አስከባሪ ይዘን ቤት ለቤት እንሂድ አሉ። እኔ ግን ሁሉም ጣሳዎች ባንድ ቦታ፣ ባንድ ሰዓት የሚገኙበትን ቀን አውቅ ነበር። ኣያ ግርማይ ነበሩ ያሳዩኝ። ሰኞ ጠዋት፣ ተልባው ሲፈስ፣ ፒካፑን ከረድፉ ራስ አስቁመን ገባን። ማንም አልሮጠም። ለፍተሻ የመጣን መስሏቸው ቦታ ለቀቁልን። አንዷ ዘወር ብላ ለፍተሻው እንዲጸዳ ጣሳዋን በነጠላዋ ጠረገችው።

ኣደይ ለተብርሃን እናቲቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። የተባባልነው በትግርኛ ነው፤ እዚህ እንደሚሆንልኝ በአማርኛ አስቀምጬዋለሁ፤ «ጓለይ» ያሉኝን ብቻ፣ ልጄ ማለት ነው፣ እንዳለ ትቼዋለሁ።

«ጓለይ፣ አንቺ ግርማይ ሥራ ያስተማረሽ ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ ኣደይ።»

«እሱ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።»

«መመሪያ ነው።»

«መመሪያው ጣሳዎቹን ይውሰድ፤ ግድ የለም፤ ጣሳ ይገዛል። ይቺን ተይልኝ። ይቺ መሸጫ አይደለችም፤ አንድም ቀን ተሸጦባት አያውቅም።»

እውነታቸውን ነበር። በእናቲቱ አይሸጥም። በመመሪያው ቃል ብሄድ እንኳ ልተዋት እችል ነበር፤ መመሪያው የሚለው መሸጫ መስፈሪያን ነው። ነገር ግን አንድ ሹም ጣሳ አስቀርታለች ቢል ብዬ ፈራሁ። እጄን ዘረጋሁ፤ ሰጡኝ። አልተሳደቡም። ፒካፑ ላይ ስጥላት የሰማሁት ድምፅ የሌሎቹን ጣሳዎች አይመስልም ነበር፤ ከባድ ነበረች።

ግቢያችን ውስጥ ጎማ ሄደባቸው። ቁጥሩን ጻፍኩ። በግምገማው ላይ የምስጋና ደብዳቤ ተሰጠኝ።

የብድሩ ሚዛን ከብዙ ወራት በኋላ መጣ፤ ለሁሉም አልበቃም። የመጣውንም ለመውሰድ ንግድ ፈቃድ፣ ለንግድ ፈቃድ የሱቅ ውል ያስፈልጋል። ረድፉ ላይ የተቀመጠ ሰው የሱቅ ውል የለውም። ከሴቶቹ ሦስቱ ወሰዱ። ሌሎቹ ገሚሶቹ ትልልቆቹ ሱቆች ውስጥ እህል አበጣሪ ሆነው ተቀጠሩ፤ ገሚሶቹ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ እየተነሱ፣ ሲሄድ እየተቀመጡ ሞከሩና ተዉት። ኣደይ ለተብርሃን ቤታቸው ገቡ።

የእህል ችርቻሮው በአምስት ሱቆች እጅ ሆነ። በየሩብ ዓመቱ እየሄድኩ ሚዛናቸውን እፈትሽ ነበር። ሁሉም ትክክል ነበሩ። አንዱ ጠዋት ዋጋ ከጨመረ አራቱም ከቀትር በፊት ይጨምራሉ፤ በእኔ እርሳስ በታተመ ትክክለኛ ሚዛን ይሸጣሉ። ያ የእኔ ክፍል ሥራ አልነበረም።

ከአምስቱ አንዱ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ነበር፤ በባለቤቴ በኩል እንቀራረብ ነበር። አንድ ቀን ሚዛኑን ስፈትሽ፣ «እትዬ፣ ወላሂ እኔ ተጠቅሜያለሁ፤ አልዋሽሽም» አለኝ። ቀጥሎ የነገረኝን ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ሴቶቹ ከገበሬው ጥቂት ጥቂቱን ይገዙ ነበር። ግማሽ ጆንያ ምስር ይዞ የመጣ ገበሬ ለእነሱ ሸጦ፣ ጨውና ሳሙና ገዝቶ ይመለሳል። ሱቆቹ ከኩንታል በታች አይቀበሉም። «አሁን ያ ሰውዬ ወደዚህ አይመጣም። ለደላላ እዚያው መንገድ ላይ ይጥልለታል። አንቺ የሰበሰብሽው የሻጮቹን ጣሳ ነው፤ የቀረው ግን ገበሬው ነው» አለኝ። ከዚያ ሚዛኑን እንዳትምለት ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ኣያ ግርማይን ለመጠየቅ ቤታቸው ሄድኩ። በሽታ ይዟቸው ከአልጋ አይወርዱም ነበር። የሆነውን በተርታ ነገርኳቸው፤ ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም፤ ምናልባት ትእዛዝ ነው፣ ምን ታደርጊ ነበር እንዲሉኝ ፈልጌ ይሆናል። አዳምጠው ሲጨርሱ፣ «እናቲቱንስ?» አሉኝ። እሷም ተጨፈለቀች አልኳቸው። ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ ስለ ልጃቸው ሠርግ ያወሩኝ ጀመር። ከዚያ ቀን በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ብዙ ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ስለ ሥራ ግን አንዲት ቃል አልጠየቁኝም።

ጦርነቱ መጣ። መሥሪያ ቤታችን ተዘጋ፤ ደመወዝ ቆመ፤ ባንክ ቆመ፤ መብራት ሲጠፋ ዲጂታል ሚዛኖቹም ጠፉ። ሰው እንደገና በጣሳ መሸጥ ጀመረ። ግን የየራሱ ጣሳ ነበር። የቲማቲም ጣሳ፣ የወተት ዱቄት ጣሳ፣ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን። አንዱ ሥሩን ወደ ውስጥ መትቶታል፤ አንዱ ጨርቅ አንጥፎበታል። በየማዕዘኑ ጭቅጭቅ ነበር። በረሃብ ላይ የሚደረግ ጭቅጭቅ ሌላ ዓይነት ነው፤ ስለ አንድ እፍኝ ማሽላ ጎረቤት ከጎረቤት ተኳርፏል። ሚዛንም አልነበረም፤ እናቲቱም አልነበረችም፤ ማን ዘንድ እንደሚኬድ የሚያውቅ አልነበረም።

እኔና ባለቤቴ አንድ ቀን የእሱን ሙሉ ልብስ በማሽላ ልንለውጥ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ድረስ ሄድን። ተማሪዎች ይከራዩበት በነበረ ቤት በረንዳ ላይ አንዲት ሴት ትሰፍር ነበር። የጣሳዋ ሥር ወደ ውስጥ መግባቱን ከሩቅ አየሁት። ሠላሳ ዓመት ያየሁት ነገር ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። አፌን ብከፍት ግን ሂዱ ትለናለች። ባለቤቴ አየኝና በጆሮዬ «ማኅተም የለውም እንዴ?» አለኝ። ስኳር ነበረበት፤ መድኃኒት ካጣ ሰንብቷል፤ እዚያ ቆሞ እንኳ ሊያስቀኝ ይሞክር ነበር። አልሳቅሁም። ዛሬ ብስቅ ኖሮ እላለሁ።

ሰላም ሲሆን ወደ ሥራ ተመለስን። ለጡረታ አንድ ዓመት ያህል ቀርቶኝ ነበር። መመሪያውን የሻረ የለም፤ የሚያስፈጽመውም የለም። እህል ተራው ጥቂት ሴቶች ተመልሰው እንደተቀመጡ፣ ኣደይ ለተብርሃንም አብረዋቸው እንዳሉ ሰማሁ። በሥራዬ ያበላሸሁትን በሥራዬ ልመልስ ብዬ አሰብኩ። ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ሄጄ ወፍራም ጣሳ አሠራሁ። ቢሮ ወስጄ ውኃ እየሞላሁ፣ በኣያ ግርማይ የናስ መመዘኛዎች እየመዘንኩ፣ አንድ ሊትር ሳይጎድል ሳይተርፍ እስክትይዝ ድረስ ሦስት ጊዜ አስተካከልኳት። አዲሱን አለቃዬን አስፈቅጄ ጠርዟ ላይ እርሳስ አተምኩባት። እንደዚያች ጣሳ ትክክል የሆነ ነገር በሥራ ዘመኔ አልሠራሁም።

ሰኞ ጠዋት ይዣት ሄድኩ። ኣደይ ለተብርሃን አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ጣሳዋን ተቀብለው አገላብጠው አዩዋት፤ እርሳሱን በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ጥሩ እጅ ነው የሠራት» አሉ።

«ለእናንተ ናት። በእናቲቱ ፋንታ።»

በነጠላዋ ጣሳዋን ጠርጋ የነበረችው ሴት፣ አሁን ፀጉሯ ሸብቷል፣ «ነገ ሌላ ደብዳቤ ቢመጣስ?» አለች።

እኔ ጡረታ እየወጣሁ ነው አልኳት።

«እሱን አልጠየቅሁሽም» አለችኝ።

አዲሱ አለቃዬ ደብዳቤ እንደማይልክ፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣውም እንደማይልክ ምን ብዬ ልማልላት? ኣደይ ለተብርሃን ጣሳዋን መልሰው እጄ ላይ አኖሩልኝ። ከጎናቸው ካለው ጆንያ ውስጥ አንዲት የወተት ዱቄት ጣሳ አወጡ፤ የዕርዳታ ጽሑፉ ተፍቋል፤ ጎኗ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አላት። «እኛ ይቺን ይዘናል» አሉኝ። ተመካክረው የመረጧት በመከራው ጊዜ ነው አሉ፤ ሰባት ሆነው። ትንሽ ሰፋ ያለችውን የመረጡት ገዢው እንዳይሸሽ ብለው ነው። የት እንደምታድር አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ ጡረታ ወጣሁ፤ ከዚያ ባለቤቴ ሞተ። አርባው ካለፈ በኋላ እህቴ ከገጠር ግማሽ ጆንያ ምስር ላከችልኝ። ሱቆቹ እንደማይቀበሉኝ አውቃለሁ። ቤት ተቀምጬ ከማልቀስ ብዬ ራሴው ልሸጠው ወደ ረድፉ ሄድኩ። በእጄ ያለችው ያቺው ያሠራኋት ጣሳ ናት። ከተራው መጨረሻ ቆምኩ። ማንም ቅደሚ አላለኝም፤ ማንም ሂጂ አላለኝም።

ተራዬ ሲደርስ ኣደይ ለተብርሃን የወተት ጣሳዋን በተልባ ሞልተው ላጉና ወደ እኔዋ ገለበጡ። ሞላች፤ ከዚያ ተልባው በጠርዟ፣ በእርሳሱ ላይ ፈሶ መሬት ላይ በተነጠፈው ማዳበሪያ ላይ ወረደ። አንድ እፍኝ ይሆናል።

«የመንግሥት ጣሳ ጎደለች» አለች አንዷ፤ ሳቁ።

«ሊትር ናት እኮ» ማለት አማረኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አፌ ላይ ነበር። ኣደይ ለተብርሃን የፈሰሰውን ተልባ በመዳፋቸው እየሰበሰቡ፣ ሳያዩኝ፣ «ሥሯን ወደ ውጭ አስመቻት ጓለይ። ዛሬ አትሸጪም» አሉኝ።

ምስሬን አሸክሜ ቆርቆሮ ሠሪው ዘንድ ሄድኩ። ሲመታት እርሳሱ ተሰነጠቀና ወደቀ። ልመልሰው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ተወው አልኩት። በሚቀጥለው ሰኞ ከተራው መጨረሻ ቆምኩ። ተልባው ተገለበጠ፤ ጠርዙ ላይ ደርሶ ቆመ። ኣደይ ለተብርሃን በእንጨቷ ላጉት፤ አልተረፈም፤ አልጎደለም። ከእኔ በኋላ መጥታ ወደ ቆመችው ሴት ዘወር ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ እኔም ክፍት ቦታ ፈልጌ ተቀመጥኩ።